ተረኛው ማን ነው?

«እሱማ ቀላል ነው፤ ድንበሩን መዝጋት ነው!»

ይህን ያለኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቦሌ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አንድ ዓይኑን ስልኩ ላይ ጥሎ። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው መገደሉንና ከብት መነዳቱን የሚናገር አራት መስመር ዜና ቴሌግራም ላይ አይቶ ነው። «ቱም ደግሞ የት ነው?» አለኝ ቀጥሎ። «የተወለድኩባት ከተማ ናት» አልኩት። ደንገጥ አለ፤ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ወደ ሽሮው ተመለሰ።

አልተቀየምኩትም። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ከእኔ የተሻለ ኮድ ይጽፋል። ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምንም ሥራ ሳልሠራ ዋልኩ። ቱምን አለማወቁ አላናደደኝም። ያናደደኝ ሳያውቃት መፍትሔ ለመስጠት ሦስት ሰከንድ እንኳ አለመፍጀቱ ነው። ይህን የምጽፈው ለሱና እንደሱ ለሚያስቡ ሁሉ ነው። ለራሴም ጭምር ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ከሚዛን ተፈሪ ተነስታችሁ በባቹማና በጀሙ በኩል ወደ ደቡብ የሚሄደውን መንገድ ብትይዙ ቱም ትደርሳላችሁ። ከበላይዋ የማጂ ተራራ አለ። ከተራራው ወዲያ ቁልቁል፣ ሱሪዎች ከብት የሚያግዱበት ቆላ ነው፤ ከዚያ ማዶ ደቡብ ሱዳን። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ደግሞ ኛንጋቶሞችን፣ ከእነሱ ቀጥሎ ኬንያን ታገኛላችሁ። ደጋው ላይ ዲዚዎች እንሰቱንም፣ በቆሎውንም፣ ቡናውንም ያመርታሉ። አባቴ በዚህ መንገድ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ክረምት ላይ መኪናው ጭቃ ይዞት ሁለት ሌሊት ሲያድር፣ እናቴ «ዛሬም አልመጣም» ትልና እራቱን ከድና ታስቀምጥ ነበር። ልጅ ሆኜ የምትፈራው ጭቃውን ይመስለኝ ነበር። ጥይቱን እንደነበረ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ስለ ጠረፍ የሚባለውን ሁሉ ብትሰበስቡት ሦስት መልስ ይወጣዋል፦ ይዘጋ፣ ባህላቸው ነው፣ ፈረንጅ ያሰመረው መስመር ነው። ሦስቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ ከሦስቱ አንዱም ማንንም ተጠያቂ አያደርግም።

በመጀመሪያው እንጀምር። ከደቡብ ሱዳን ጋር የምንዋሰንበት ድንበር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ባልደረባዬ «እንደ ፋየርዎል» አለኝ። ፋየርዎል የሚሠራው ግን ሁሉም ነገር በታወቀ በር ስለሚያልፍ ነው። ማጂ ሥር በር የለም። ያለው ሣር፣ ውኃ፣ እና ሣርና ውኃ ፍለጋ የሚሄድ ከብት ነው። ሱሪዎች ቦማ በኩል ዘመድ አላቸው። ኛንጋቶሞችና ደቡብ ሱዳን ያሉት ቶፖሳዎች ተቀራራቢ ቋንቋ ነው የሚናገሩት። ደግሞስ ይዘጋ ካልን፣ የትኛው ነው የሚዘጋው? ቱም ዙሪያ ከሚፈሰው ደም ብዙው በኢትዮጵያውያንና በኢትዮጵያውያን መካከል ነው፤ በዲዚና በሱሪ፣ በሱሪና በኛንጋቶም። በማጂ ወረዳና በሱርማ ወረዳ መካከል አጥር ልናጥር ነው?

ድንበሩን ተሻግሮ የሚመጣ ጥቃት የለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ከደቡብ ሱዳን የተነሱ የሙርሌ ታጣቂዎች ጋምቤላ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ገድለው፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ወስደው፣ በሺህ የሚቆጠር ከብት ነድተው ሄዱ። አገሪቱ ሁለት ቀን ኀዘን ላይ ተቀመጠች። ጦሩም ድንበር ተሻግሮ ሕፃናቱን ፍለጋ ገባ፤ የተወሰኑት ተመለሱ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጦር አልጠፋም፤ መኪናም ሄሊኮፕተርም አልጠፋም። ሁሉም የደረሰው ግን ሰዎቹ ካለቁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው መልስ «ባህላቸው ነው» ነው። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ የሱሪን የዱላ ፍልሚያ፣ ዶንጋን፣ ዩቲዩብ ላይ ያዩ ሰዎች ናቸው። ዶንጋ እኮ ዳኛ አለው፤ ሕግ አለው። ተጋጣሚውን የገደለ ይጠየቅበታል። ክላሹ ነው ሕግ የሌለው፤ እሱ ደግሞ ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

በ1975 ሁለተኛው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ተጀመረ፤ እስከ 1997 ቆየ። ከዚያ ጦርነት አውቶማቲክ መሣሪያ ወደ ጠረፉ ፈሰሰ። ኛንጋቶሞች ከሱሪዎች ቀድመው አገኙት። ዘመኑ የድርቅና የረሃብ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ሱሪዎች በጥይት ተገፍተው ናይታ ተራራ አካባቢ ያለውን ግጦሻቸውን ለቀው ወደ ሰሜን፣ ወደ ዲዚ መሬት ተጠጉ። እነሱም በተራቸው ከብት እየሸጡ ክላሽ ገዙ። በ1983 ደርግ ሲወድቅና ጦሩ ሲበተን መሣሪያው ይበልጥ በየቤቱ ገባ። በመጨረሻ ጥይቱ የደረሰው ከሁሉም ያነሰ ትጥቅ ወዳለው ወደ ዲዚ ገበሬ ነው።

ከዚያ በፊት በሁለቱ መካከል ግጭት ፈጽሞ አልነበረም አልልም። ነገር ግን አካባቢውን ለአሥርታት ያጠናው ሆላንዳዊው አንትሮፖሎጂስት ጆን አቢንክ እንደጻፈው፣ ሱሪዎችና የዲዚ ባላባቶች በዝናብ ሥርዓትና በዝምድና ላይ የቆመ የቆየ መተሳሰሪያ ነበራቸው። ሽማግሌው ጠቡን ሊያበርደው የሚችለው ወጣቱ ሲሰማው ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሠላሳ ጥይት ትከሻው ላይ ካንጠለጠለ በኋላ ሽማግሌ የሚሰማበት ምክንያት ብዙ አይደለም። ይሄ የማንም ባህል አይደለም። አንድ አገር ውስጥ የተነሳ ጦርነት በሦስት ሕዝብ ላይ ተቀባብሎ የእናቴ ጎረቤት ቤት እስኪደርስ ድረስ ማንም መሐል ገብቶ አላስቆመውም፤ በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ሦስተኛው መልስ ለእኛ ለወጣቶቹ በጣም ይጣፍጠናል፦ መስመሩን ያሰመሩት ቅኝ ገዢዎች ናቸው። ለአብዛኛው አፍሪካ እውነት ነው። ስለ ማጂ ስናወራ ግን ትንሽ ማፈር አለብን። ከሱዳን ጋር ያለው መስመር የተወሰነው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ነው። በ2013 አል ፋሽጋ ዜና በሆነ ጊዜ ስሙን የሰማችሁት ውል ይኸው ነው። የምኒልክ ጦር ማጂን የያዘው ደግሞ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቀድሞ ነው። ከጦሩ ጋር የገባር ሥርዓት መጣ፤ የባሪያ ፈንጋዩ ማጂንና ጊሚራን አራቆታቸው። እንግሊዞች እዚያ ሩቅ ተራራ ላይ፣ ማጂ፣ ቆንስላ የከፈቱት አየሩ ተስማምቷቸው አይደለም። ከእኛ ወገን እየተነሱ ወደነሱ ግዛት የሚሻገሩት ባሪያ ፈንጋዮችና የዝሆን ጥርስ አዳኞች አስቸግረዋቸው ነው። እዚያ የተመደበው ቆንስል፣ አርኖልድ ሆድሰን፣ በኋላ ስለ አካባቢው መጽሐፍ ጽፏል። በ1916 ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ትልቁ ክርክር የባሪያ ንግዱ ነበር። ያኔ «ድንበር ተሻጋሪ ታጣቂ» የሚባለው የእኛ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲያም መስመሩን መርጠን ይዘነዋል። ሐምሌ 1956 ካይሮ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ከነፃነት ጋር የተረከቡትን ድንበር ለማክበር ሲወስኑ፣ ሶማሊያና ሞሮኮ አንቀበልም አሉ። ኢትዮጵያ ግን ውሳኔውን አጥብቀው ከያዙት አንዷ ናት። ልክ ነበረች እላለሁ፤ አለዚያ አህጉሩ ዛሬም ካርታ ላይ እየተጋደለ ይኖር ነበር። ግን ተረከብን ካልን ተረከብን ነው። እኔ ሥራ ቦታ ከሌላ ሰው የተረከብኩት ኮድ ሲበላሽ «እኔ አልጻፍኩትም» ብል አንድ ሳምንት ይታለፍልኝ ይሆናል። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ግን ሰበብ ነው የሚባለው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቆየን፣ በኮንትራት አንድ ሲስተም ሠራሁ። ሥራው ቀላል ነበር። በየቀበሌው የተመረጡ ሰዎች በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቁጥር ይልካሉ። አንድ ማለት ከብት ተነዳ፣ ሁለት ማለት ሰው ተጎዳ፣ ሦስት ማለት የማይታወቅ ዱካ ታየ። መልእክቱ ሲገባ አዲስ አበባ ያለው ዳሽቦርድ ላይ ቀበሌው ቀይ ይሆናል። ያምር ነበር። በስብሰባ ላይ ሲታይ ሰው ያጨበጭብ ነበር።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ኢጋድ በ1994 ሴዋርን የሚባለውን ተቋም ሲመሠርት መጀመሪያ ከያዛቸው አካባቢዎች አንዱ የካራሞጃ ክላስተር ነው፤ ማለትም ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳና የያኔዋ ሱዳን የሚገናኙበት የአርብቶ አደር ምድር። የተቋሙ ሙሉ ስም ውስጥ ሁለት ቃል አለ፦ ማስጠንቀቂያ እና ምላሽ። ማስጠንቀቂያው ከየአካባቢው ይሰበሰባል። ምላሹ የየመንግሥቱ ፋንታ ነው። እኔ የሠራሁትም እንደዚያው ሁለት ክፍል ነበረው፤ መጀመሪያ ላይ።

በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ከእያንዳንዱ መልእክት ጎን ሦስት ሳጥን ነበረ፦ የገባበት ሰዓት፣ የታየበት ሰዓት፣ ምላሽ የሚሰጠው ሰው ስም። ሦስተኛው ሳጥን አንድ ስብሰባ ላይ ቀረ። «ይሄ ሰው ያጋጫል» አሉ። «ለጊዜው ይውጣና በሁለተኛው ዙር እንጨምረዋለን» አሉ። እውነቱ ግን ስሙ እዚያ ሳጥን ውስጥ እንዲጻፍ የፈለገ ሰው አለመኖሩ ነው። እኔም «እሺ» ብዬ አጠፋሁት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ክፍያዬንም ተቀበልኩ። ሁለተኛ ዙር የሚባል ነገር አልመጣም።

ከመልእክት ላኪዎቹ አንዱ አጎቴ ነበሩ፤ የእናቴ ወንድም፣ ከቱም ከፍ ብላ ባለች ቀበሌ ገበሬ። አንድ ዓርብ ማታ ሦስት ቁጥርን ላኩ። ዱካ አይተዋል። ቅዳሜ ንጋት ላይ አንድ ቁጥርን፣ ትንሽ ቆይተው ሁለትን ላኩ። ከብት ሲጠብቅ ያደረ የጎረቤት ልጅ ተገድሏል። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ነገሩን ከእናቴ ሰምቼ ሲስተሙን ከፈትኩት። የገባበት ሰዓት፦ ዓርብ ማታ 1፡40። የታየበት ሰዓት፦ ሰኞ ጠዋት 3፡15። ሦስተኛው ሳጥን የለም፤ እኔ አጥፍቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የአጎቴ መልእክት ቀረ። ደወልኩ። «አጎቴ፣ ምነው መላክ ተዉ?» አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ነበር። «ለማን ብዬ ልላክ ልጄ?» አሉኝ።

በእኛ ሙያ ሲስተም ሌሊት ሲወድቅ ስልኩ የሚጮኽበት ሰው አለ። ተረኛ እንለዋለን። ሳምንት ሳምንት እየተቀያየርን እንገባለን። ተረኛ ስትሆን ሠርግ ቤትም ብትሆን ላፕቶፕህን ይዘህ ትሄዳለህ። ተረኛው ካላነሳ ስልኩ ወደ አለቃው ይዞራል፤ አለቃው ካላነሳ ወደ አለቃው አለቃ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሰው ገንዘብ ማስተላለፍ ለሃያ ደቂቃ እንዳይቋረጥበት ነው።

ፖለቲካችን ውስጥ ግን «ተረኛ» ስንል ሌላ ነገር ነው፤ የመብላት ተራ የደረሰው ማለታችን ነው። ፌስቡክ ላይ ሌት ተቀን የምንሰዳደበው በዚህ ነው፦ ትናንት ተረኛው ማን ነበር፣ ዛሬ ማን ነው፣ ነገ ማን ይሆናል። የመብላቱ ተራ የማን እንደሆነ እንዲህ አጥብቆ የሚጠይቅ ሕዝብ፣ የመንቃቱ ተራ የማን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም።

ብትጠይቁ ምን ይገጥማችኋል? ቀበሌው ወደ ወረዳ ይመራችኋል፤ ወረዳው ወደ ዞን፣ ጀሙ፤ ዞኑ ወደ ክልል። ክልሉ፣ ማለትም በኅዳር 2014 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ ነገሩ ድንበር ነካ ካለ የፌዴራል ነው ይላል። ሕገ መንግሥቱ መከላከያን ለፌዴራል፣ የክልልን ፖሊስና ሰላም ማስጠበቅን ለክልል ይሰጣል። ኛንጋቶም ደግሞ ሌላ ክልል ውስጥ ነው። እንግዲህ ከደቡብ ሱዳን ተነስቶ፣ በኛንጋቶም አልፎ፣ ሱርማ ላይ አድሮ ማጂ ላይ የሚያበቃ ዱካ የማን ነው? በወረቀት የሁሉም ነው። በተግባር ከብቱን ሲጠብቅ የነበረው ልጅ ነው የጠበቀው።

ተረኛ በሌለበት ደግሞ ሁሉም ሰው ተረኛ ይሆናል። ከብት በተነዳ ማግስት፣ በገበያ ቀን፣ ምንም የማያውቅ የሱሪ ሰው ቱም ላይ ሲደበደብ በዓይኔ አይቻለሁ። የደበደቡት የማውቃቸው ልጆች ናቸው፤ አብረውኝ ኳስ የተጫወቱ። አልገላገልኩም። ማታ ለእናቴ ስነግራት «እሱም እናት አላት» አለችኝና ሌላ አልጨመረችም። የተደበደበው ሰው ወደ ቆላው ሲመለስ ለወንድሞቹ ምን እንደሚነግር መገመት አያቅትም።

ምላሽ የተባለውም ሲመጣ ትጥቅ ማስፈታት ሆኖ ነው የሚመጣው። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ዩጋንዳ ከ1994 ጀምሮ ካራሞጃ ውስጥ ሞክራዋለች። ፈቅደው መሣሪያ ያስረከቡት ወገኖች ባላስረከቡ ጎረቤቶቻቸው ተዘረፉ፤ መንግሥት ሊጠብቃቸው ቃል ገብቶ ነበር፣ አልጠበቃቸውም። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ እንደገና መሣሪያ ፍለጋ ሄዱ። የሱሪው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ክላሼን ልስጥህ፤ ቶፖሳው ሲመጣ ስልኬን ማን ያነሳል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይኖርህ ጠመንጃውን የምትቀማው ሰው ሊያምንህ አይገባም። የዲዚውም ጥያቄ ከዚህ አይለይም።

«መንግሥት የት የት ይድረስ?» የሚል ክርክር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር፤ አማራና ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ግጭት አለ፤ ጋምቤላ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች አሉባት። እውነት ነው። ለዚህም ነው ክፍለ ጦር ላኩ የማልለው። ክፍለ ጦር መጥቶ ይሄዳል፤ ሲሄድ ደግሞ ነገሩ ካለበት ይቀጥላል።

የምለው ትንሽ ነገር ነው። በእያንዳንዱ የጠረፍ ወረዳ ስሙና ስልኩ የታወቀ ተረኛ ይኑር፤ መኪናና ነዳጅ ይኑረው፤ ዱካ ታየ ሲባል መንገዱን ከሚያውቁ የሁለቱም ወገን ሰዎች ጋር ይውጣ። ጥሪው የገባበትና ሰው የደረሰበት ሰዓት በየወሩ ይለጠፍ፤ በወረዳው ሰሌዳ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ። የማጂ፣ የሱርማና የኛንጋቶም አስተዳዳሪዎች ከማዶ ካሉት አቻዎቻቸው ጋር አዲስ አበባን ሳያስፈቅዱ መገናኘት ይቻላቸው። የአፍሪካ ኅብረት በሰኔ 2006 የድንበር ዘለል ትብብር ስምምነቱን ያጸደቀው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። የገደለ ሰው ደግሞ በስሙ ይከሰስ፤ ነገዱ አይከሰስ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ትጥቅ ይፈታ፤ በሁሉም ወገን፣ በአንድ ጊዜ።

ይህ ሁሉ ቢሆን ሰላም ይወርዳል ብዬ አልምልም። ሱዳኖቹ እስኪረጋጉ ድረስ ጥይቱ መምጣቱ አይቀርም። ግን ዓርብ ማታ በ1፡40 የተላከ መልእክት ሰኞ ጠዋት እንዳይታይ ማድረግ ከጁባ ፈቃድ አይጠይቅም። የ1894ን ውል መቅደድም አይጠይቅም። አንድ ሰው ስሙን አንድ ሳጥን ውስጥ መጻፍ ነው።

እኔ ያንን ሳጥን ያጠፋሁት ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከማንም በላይ ሆኜ አልናገርም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እንደዚያ አራት መስመር ዜና ስታዩ፣ «ማን ገደለ?» ብላችሁ ብሔር ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት፣ መጀመሪያ የተደወለው ስንት ሰዓት ላይ እንደነበረና ስልኩን ማን እንዳነሳው ጠይቁ።

የአጎቴ ቁጥር እስከ ዛሬ ሲስተሙ ውስጥ አለ። ከጎኑ «ንቁ» ይላል።